ሚስማር ያልነካው ቤት

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የቀመሪያ በር ተንኳኳ። ቀመሪያ ከእኔ በር ፊት ለፊት ያለችው የስቱዲዮ ተከራይ ናት፤ ሙያዋ መጋረጃ መስፋት፣ ለእኔ ደግሞ ጎረቤትም ወዳጅም። እኔም እዚያው ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከመጅሊሷ ጥግ ተወትፌ ወሬ ካልጠረቅሁ ሳምንቱ ያለቀልኝ አይመስለኝም። ልጇ ኢክላስ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ ፀጉሯን እየተሠራች ነው።

"ግቡ፣ ክፍት ነው!" አለች ቀመሪያ።

በሩ ተበርግዶ ሦስት ሰዎች ጫማቸውን እንዳደረጉ ምንጣፉ ላይ ወጡ።

"ጫማ!" አለች ኢክላስ። የሰማት የለም።

ከፊት የገባው ሮቤራ ነው፤ ልደታን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ከስልኩ ሆኖ የሚያከራይ ደላላ። ከኋላው አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬና ሚስቱ ናቸው። ሚስትየው ለሰላምታ እንኳ ሳትቆም ቀጥ ብላ ሄዳ መጋረጃውን በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ አየች። ባልየው መጅሊሱን፣ እኔ የተቀመጥኩበትን ማለት ነው፣ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። ጥንካሬውን እየሞከረ ነው መሰለኝ። ወይ የእኔን።

"ፎቶው ላይ ሰፋ ይል ነበር" አለች ሚስትየው። "ግን ያምራል። መብራቱም አብሮ ነው አይደል?"

"ሁሉም አብሮ ነው እመቤቴ። ፈርኒሽድ ነው" አለ ሮቤራ።

ቀመሪያ ማበጠሪያውን እንደያዘች ተነሳች። "ምኑ ነው ፈርኒሽድ?"

"ቤቱ ነዋ እህቴ። ልትለቁ አይደል እንዴ?"

"ማን ነው የሚለቀው?"

ሮቤራ ክፉ ልጅ አይደለም። ፊቷን ሲያይ ነገሩ ገባው፤ ስልኩን አቀበላት። ቴሌግራም ላይ የቀመሪያ ቤት ተለጥፏል። መጅሊሷ፣ መብራቷ፣ መስታወቷ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የኢክላስ ነጠላ ጫማ ሳይቀር። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ልደታ። ስቱዲዮ። ሙሉ ፈርኒሽድ፣ በዘመናዊ ዲዛይን ያጌጠ።"

በዘመናዊ ዲዛይን ያጌጠ! ማን ነው ያስጌጠው? ሲሠራ ያላየ ሰው የቤቱ ባለቤት ዲዛይነር ቀጥራ ያሠራችው ይመስለዋል። እኔ ስላየሁ ልናገር።

ቀመሪያና ባሏ ጃፋር ሲገቡ ያ ቤት ቤት አይባልም ነበር። ሲሚንቶ ይሸታል። የአልጋው በኩል ያለው ግድግዳ ከላይ ካሉት ሰዎች ሻወር በሚወርድ ውኃ ርሶ፣ የበሬ ቆዳ ወጥረው ያደረቁበት የሚመስል ትልቅ እድፍ ይዟል። አከራይዋ እትዬ ሠርካዲስ ቁልፉን ሲሰጡ አንድ ስብከት ብቻ ነበራቸው፤ ደጄ ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"ግድግዳዬን ወንፊት እንዳታደርጉብኝ። አንድ ሚስማር እንዳላይ!"

"እሺ እትዬ" አለች ቀመሪያ። "እዚህ ጋ ያለው እርጥበትስ?"

"እሱ ይደርቃል።"

አልደረቀም። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፤ ቀመሪያ ደወለች፣ ለመነች። እትዬ ሠርካዲስ "ከላይ ያሉትን አናግሪያቸው" ይላሉ፤ ከላይ ያሉት "እኛም ተከራይ ነን፤ አከራያችንን አናግሪ" ይላሉ። እድፉ ግን ማንንም ሳያናግር አደገ።

ቀመሪያ የምትሠራው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ሙደሲር የሚባል ሰው መጋረጃ ቤት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ሳሎን ውስጥ የሚሰቀል ጨርቅ ስትሰፋ ትውላለች። "የሰው ቤት ሳሳምር ውዬ ማታ እዚያ እድፍ ሥር ልተኛ?" አለችኝ አንድ ቀን። "ወላሂ አላደርገውም!"

እኛ ሕንፃ ላይ ቤት ማሳመር ማለት ጂፕሰም ማሠራት ነው። ካልሆነም የግድግዳ ወረቀት መለጠፍ፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍበት ሶፋ መግዛት። ቀመሪያ ይሄ ሁሉ የላትም። ያላት ሙደሲር "ውሰጂው፣ ቦታ ያዘብኝ" የሚላት ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ጨርቁን በምን ትስቀለው? ሚስማር ክልክል ነው። ጃፋር "በማስቲሽ ለጥፊው" አላት፤ ለጠፈችው። ማታ ተኝተው ሳለ ጨርቁ ከነቀለሙ ፊታቸው ላይ ወደቀ። ጃፋር ያን ቀን "ጣሪያው ተደረመሰ!" ብሎ የጮኸውን ጩኸት እኔ በሬን ዘግቼ ሰምቼዋለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ሰንጋ ተራ በኩል ስታልፍ እየተሠራ ያለ ፎቅ አየች። አዲስ የተሞላውን ጣሪያ የያዙት ቋሚ እንጨቶች ናቸው፤ ግንበኞቹ ፑንቴሎ ይሏቸዋል። ቆማ አየቻቸው። ወለልና ጣሪያ መሃል ተወጥረው ቆመዋል እንጂ ግድግዳውን የነካ የለም። ሮጣ መጣችና በሬን ደበደበችው።

"ፀዲ! ፀዲ! ሚስማር ለምኔ?"

ቀርከሃ ተገዛ። ከወለል እስከ ጣሪያ ተለክቶ ተቆረጠ። ጃፋር የሚኒባስ ሹፌር ነውና ጎሚስታው ጋ ሄዶ የተጣለ ከመነዳሪ አመጣ፤ ጎማውን ቆራርጠው የቀርከሃውን እግርና አናት አለበሱት። ጎማው ተጨምቆ ሲገባ ቀርከሃው ጣሪያውንና ወለሉን ገፍቶ ቀጥ አለ። ብትደገፈው ንቅንቅ አይልም። ከቀርከሃ ወደ ቀርከሃ ገመድ ወጠረች፤ ገመዱ ላይ ጣውላ አንጠልጥላ መደርደሪያ አደረገችው። እድፉ ፊት፣ ግድግዳውን ሳይነካ፣ ከቁርጥራጩ የገጣጠመችውን ትልቅ ጨርቅ ሰቀለች፦ ከታች ድፍን አረንጓዴ፣ ወደ ላይ ሲሄድ የሰናፍጭ ቀለም፣ አናቱ ላይ ክሬም። "ዓይን ከጨለማው ተነስቶ ወደ ብርሃኑ ይወጣል፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ይመስላል" ብላ አስረዳችኝ። እውነትም ከፍ አለ።

ከፈረሰ ቤት የተገኘ አሮጌ የመስኮት ፍሬም ላይ መስታወት አስገብታ ቀርከሃው ላይ አሰረችው። ሰፌድ ገልብጣ አምፖሉ ላይ አንጠለጠለች፤ ማታ ሲበራ ጥላው ጣሪያው ላይ አበባ ይሠራል። የመጅሊሱ ሥር የዕቃ መጫኛ ርብራብ እንጨት ነው፤ ሆዱ ደግሞ የማይረባው ቅንጥብጣቢ ጨርቅ። የዘይት ጀሪካኖቹን ነጭ ቀብታ ቅጠል ተከለችባቸው። ሁሉም ነገር ወይ የቆመ ነው ወይ የታሰረ፤ የተመታ የለም። ኧረ አንድ ሚስማር ነበር፤ ከበሩ ኋላ፣ ከመግባታቸው በፊት ማን እንደመታው የማይታወቅ የዛገ ሚስማር። እሱ ላይ ጃፋር ኮፍያውን ይሰቅላል። ያቺን ቡናማ ኮፍያ ከሚስቱ ቀጥሎ ነው የሚወዳት። አንዳንድ ቀንማ "ቀጥሎ" የሚለው ያጠራጥረኛል።

እንግዲህ እትዬ ሠርካዲስ ወር በመጣ ቁጥር ከደጃፍ ቆመው ኪራያቸውን ተቀብለው የሚሄዱ ሴትዮ፣ አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ሲያዩ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

"ውይ! ውይ! የኔ ቤት ነው ይሄ?"

"የእርስዎ ነው እትዬ" አለች ቀመሪያ እየሳቀች።

"እጅሽ ይባረክ! ቆይ፣ ፎቶ ላንሳው፤ ለልጄ ላሳያት።"

ይሄ ነው እስከ ዛሬ ንድድ የሚያደርገኝ። ቀመሪያ ደስ ብሏት ትራሶቹን አስተካከለች። መብራቱን አበራችላቸው። "ከዚህ ጋ ቢያነሱት ይሻላል እትዬ፣ መስታወቱ ብርሃን ይመልሳል" ብላ ቦታ መረጠችላቸው። በገዛ እጇ፣ ከቤቷ የምትወጣበትን ማስታወቂያ አብራ አነሳች!

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ሮቤራ ሰዎቹን ይዞ ይቅርታ እያለ ወጣ። ባልየው ሲወጣ አንዴ ዞሮ "መቼ ነው የሚለቀቀው ግን?" አለ። ኢክላስ ብሩሽ አምጥታ የጫማቸውን ዱካ መፋቅ ጀመረች።

ቀመሪያ ደወለች። እትዬ ሠርካዲስ አልካዱም። "ልነግርሽ ነበር" አሉ። "ውሉ ሊያልቅ ነው፤ አላድስም። ነገ መጥቼ እንነጋገራለን።"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ጃፋርም ሥራውን ትቶ ቁጭ ብሏል። እኔ ቡና ልጠጣ ገባሁ ላለማለት፣ ምስክር ልሆን ገባሁ።

"ይለቀቅ ካሉ እንለቃለን እትዬ" አለች ቀመሪያ። ድምጿ ቀጭን ሆኗል። "ቤቱ የእርስዎ ነው። ዕቃዬን ግን ምን ብለው ነው ያከራዩት?"

"ዕቃሽን ማን ነካብሽ? አልጋሽን ውሰጂ። ምንጣፍሽን፣ ድስትሽን፣ የምትቀመጡበትን ውሰጂ። እሱን እኔም ገዝቼ አስገባለሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ግን የቤቱ ነው።"

"የቤት ዕቃ ነው ወይስ የቤቱ ዕቃ?" አልኩ እኔ። አላስችል ብሎኝ ነው።

"አንቺ ደግሞ ጠበቃ ሆንሽ? እዚህ ፍርድ ቤት አጠገብ ስለምትኖሪ ነው?" አሉኝ። ከዚያ ወደ ቀመሪያ ዞሩ። "ይሄ ሁሉ እንጨት፣ ይሄ ሁሉ ጨርቅ፣ መስታወቱ፣ መደርደሪያው፣ ግድግዳዬ ላይ ተመትቶ ነው የቆመው። ሚስማር አትምቱ ብዬ ነበር፤ መታችሁ፤ አምሮልኛልና ዝም አልኩ። አሁን ነቅላችሁ ግድግዳዬን ወንፊት ልታደርጉት ነው? አይሆንም! ተመትቷል፣ የቤቱ ሆኗል።"

ጃፋር አፉን ከፈተ። "እትዬ፣ ኧረ እሱ እኮ..."

"ዝም በል አንተ!" አለች ቀመሪያ። እኔ ጎረቤታቸው ስሆን ባሏን እንደዚያ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም። ጃፋር አፉን ከደነ።

ቀመሪያ ዝቅ ብላ፣ በትሕትና፣ ጠየቀች። "እንግዲያ ልስማማ እትዬ። ሚስማር የነካው ሁሉ የቤቱ ይሁን?"

"እሱን ነው የምልሽ።"

"ሚስማር ያልነካውስ?"

"ያልነካውማ ያንቺ ነው፤ ቀማኛ አይደለሁም።"

"ፀዲ፣ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ" አልኩ። ሳቄን ለመዋጥ ጉንጬን ከውስጥ ነክሼዋለሁ። ጃፋር ግን አልሳቀም። እትዬ ሠርካዲስ ከወጡ በኋላ ትከሻውን ጥሎ ቁጭ እንዳለ "ብንነግራቸው ይሻል ነበር። ምናልባት ይተዉን ነበር" አለ።

"ለምን ይተዉናል? ስለምናሳዝን?" ብላ ቱግ አለች። "እድፋቸውን ሸፈንኩላቸው። የሲሚንቶ ሳጥን ቤት አደረግሁላቸው። ቤት ስለሆነ ነው ውጡ የምንባለው! እንደነበረ ትቼው ቢሆን እስክንሞት እንኖርበት ነበር። ልጄ እዚህ ግድግዳ ሥር ነው ማንበብ የለመደችው። ቤቱን ይውሰዱት፤ እጄን ግን አይወስዱትም።"

ንዴቷ ለእኔም ተረፈ። ሰው ቤቱን አቆሽሾ ቢወጣ ይከሰሳል፤ አሳምሮ ሲቀመጥ ይባረራል። ይሄን ነገር ለፎቁ ሰው ሁሉ አወራሁት፤ ያልተናደደ የለም። ምድር ቤት ያለችው ባለሱቋ እንኳ፣ የራሷን ሁለት ቤት የምታከራየው፣ "ኧረ ግፍ ነው" አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጋ "ፎቶው አለሽ?" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሙና የምገዛው ከመንገዱ ማዶ ነው።

የሚለቁበት ቀን ጃፋር የሚኒባሱን ወንበሮች ፈታቶ ከሕንፃው ሥር አቆመ። አልጋው ወረደ፣ ድስቱ ወረደ፣ መጅሊሱ ወረደ። እትዬ ሠርካዲስ ቁልፍ ሊረከቡ ሮቤራንና እነዚያን ባልና ሚስት አስከትለው መጡ። ሰዎቹ ሊፈራረሙ ነው። ሚስትየው በዚህ ጊዜ ሽቶ የተቀባች ሙሽራ መስላ ግድግዳውን እያየች ፈገግ አለች።

"ጨረሳችሁ?" አሉ እትዬ ሠርካዲስ።

"ትንሽ ቀረን" አለች ቀመሪያ። "ጃፋር፣ በል።"

ጃፋር የመጀመሪያውን ቀርከሃ እግር በጫማው ገፋ አደረገው። ቷ! ብሎ ወጣ፤ እንደ ዱላ ትከሻው ላይ ጣለው።

"ምን እያደረግህ ነው?" አሉ እትዬ ሠርካዲስ።

"ሚስማር ያልነካውን እየሰበሰብኩ ነው እትዬ።"

ሁለተኛው ቷ አለ። መደርደሪያው ከነገመዱ ወረደ። መስታወቱ ተፈታ። እትዬ ሠርካዲስ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ከጥግ እስከ ጥግ ሄዱ። ሚስማር የለም፤ የሚስማር ቀዳዳም የለም። ግድግዳው በሰጡበት ቀን እንደነበረው ልሙጥ ነው። "እንዴት ነው... በምን ነው የቆመው ይሄ?" ይላሉ። እግዜር ይይልኝ፣ ያን ሰዓት እንኳ ቀመሪያ አስረዳቻቸው! ከመነዳሪውን አሳይታ፣ እንዴት እንደሚጨመቅ፣ ሁሉን።

መጨረሻ ላይ ትልቁ ጨርቅ ወረደ።

እድፉ ታየ። ቁመቱ ሰው ያክላል፤ ጠርዙ ጥቁር፣ መሃሉ ቢጫ፣ ከሥሩ ቀለሙ ተነስቶ እንደ ቅርፊት ተንጠልጥሏል። ሽታውም ከእስር የተፈታ ይመስል ወጣ። ሚስትየው መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች።

"ይደርቃል" አለች ኢክላስ ከደጃፍ ሆና።

ባልየው ሮቤራን አየው፣ ሮቤራ እትዬ ሠርካዲስን አየ፣ እሳቸው የሚያዩት ሰው አጡ። "ፈርኒሽድ ነው ብለኸኝ ነበር" አለ ባልየው። "አለበት የተባለው አንዱ ነገር እንኳ የት አለ?"

"አለ" አለች ቀመሪያ። ወደ በሩ ኋላ ሄደች። ያ የዛገው ሚስማር ላይ የጃፋር ቡናማ ኮፍያ ተሰቅሏል።

ጃፋር ደነገጠ። "ኧረ ኮፍያዬን!"

"ሚስማር ነክቷል።"

"ቀመሪያ፣ ሚስማሩ እኮ የኛ አይደለም..."

"ለዚህ እኮ ነው። የቤቱ ሚስማር ነው፤ ኮፍያውም የቤቱ ሆነ። ቃል ቃል ነው ጃፋር።" ቁልፉን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው፤ ጎንበስ ብላ። "ይኸው እትዬ። እንዳስረከቡን አስረክበናል። ኮፍያ ጨምረናል።"

እትዬ ሠርካዲስ ኮፍያውን አንስተው እንደ መወርወርም አሉ፣ እንደ መስጠትም አሉ፤ በመጨረሻ መልሰው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። ባልና ሚስቱ ደረጃውን እየወረዱ ነበር፤ ሮቤራ "ሰንጋ ተራ ሌላ አለኝ!" እያለ ይከተላቸዋል።

ሰው ይሄን ሳወራለት ይስቅና "ልክ አስገባቻቸው!" ይለኛል። እኔም እዚህ ጋ ስደርስ እስቃለሁ። ግን ሳቁ ሲያልቅስ? ቤቱ ባዶውን ተቆልፎ ተቀምጧል፤ አልጠገኑትም፣ አላከራዩትም። ቀመሪያ ደግሞ ሄደች። ቅዳሜ ጠዋት በሬን ስከፍት የማየው የተዘጋ በር ነው። ሰው ልክ ያስገባች ሴት እንዲህ ከቤቷ ትወጣለች?

አዲሱን ቤቷን ልጠይቅ ሄድኩ። ጠመንጃ ያዥ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ቤቱ የማይርቅ፣ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል። ጃፋር ገና ባዶ ራሱን ነው፤ ሌላ ኮፍያ አልገዛም ብሎ አኩርፏል። ቀርከሃዎቹ ከደጅ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ቀመሪያ መጋዝ ይዛ አንዱን በጉልበቷ ይዛዋለች።

"ምነው?" አልኳት።

"ጣሪያው ዝቅ ይላል። ረዘሙ።"

በአዲሱ ቤት ልክ ቆረጠችው። ደሜ ፈላ። በየቤቱ እያጠረች ልትሄድ ነው እንዴ ይቺ ሴት? "ቀጥሎ ከፍ ያለ ቤት ብታገኚስ? ምን ልታቆሚ ነው?" አልኳት፤ ሳላስበው ጮኼባታለሁ።

ቀና ብላ ግንባሯን በክንዷ ጠረገችው። የተቆረጡትን ቁራጮች ወዴት እንዳደረገቻቸው ያን ጊዜ አየሁ፤ እንደ ማገዶ አልጣለቻቸውም፣ በከመነዳሪ ጠፍራ ከበሩ ሥር አስቀምጣቸዋለች።

"እቀጥላቸዋለሁ" አለችና ቀጣዩን ቀርከሃ ሳበች። "ያዢልኝ ከዚያ በኩል። ሲቆረጥ ይሰነጠቃል።"

ያዝኩላት። ንዴቴ ግን አልበረደም።